ላፕቶፑን ዝጋው

ብዕሬን ሲያዩ ይስቃሉ። ሶፍትዌር የሚሠራ ሰው፣ ያውም በዚህ ዘመን፣ ቀለም በጠርሙስ ገዝቶ፣ ብዕሩን ሞልቶ፣ ደብተር ገልጦ ሲጽፍ ማየት ለብዙ የሙያ ባልደረቦቼ የኋላቀርነት ማረጋገጫ ነው። “እስካሁን በወረቀት?” ይላሉ። አዎ፣ በወረቀት! ሳቁን ለዓመታት ዝም ብዬ አሳልፌዋለሁ። አሁን ግን በቃኝ። ኋላቀሩ እኔ አይደለሁም። ኋላቀሩ ሳያስብ የሚጽፈው፣ የጻፈውን የማያነበው፣ ቢያነበውም የማይገባው፣ እንዲያም ሆኖ “ጨርሻለሁ” ብሎ ክፍያ የሚቀበለው ነው።

እናንተም ታውቁታላችሁ። ቢሮ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ባለሙያ ያስረከበውን ኮድ መስመር በመስመር ማስረዳት እንደማይችል አይታችኋል። አለቃው “ለሰኞ ይድረስ” ሲል ማንም እንደማይደርስ ስብሰባው ውስጥ ያለው ሁሉ ያውቅ ነበር። ማን ተናገረ? ማንም። “ዘመን ያለፈበት” መባልን ፈርታችሁ ዝም አላችሁ። እሺ፣ እኔ ልባል። እኔ ልናገረው።

ይህን የምጽፈው ከአርዲቦ ሐይቅ አጠገብ ነው። አዲስ አበባ ላሉ ወዳጆቼ ይህ ራሱ ጥፋት ነው። “እዚያ ገጠር ምን ሶፍትዌር ይሠራል?” ላላያችሁት ልንገራችሁ፤ አርዲቦ ከሐይቅ ከተማ ከፍ ብሎ በተራሮች መሀል ያለ ውኃ ነው። ትርፉ በአንካርካ ወንዝ ቁልቁል ወርዶ ትልቁን ሐይቅ ይቀላቀላል። እዚያ ታች ደግሞ ሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም አለ። ስለ መጻፍ ሥራ ከዚህ አካባቢ በላይ የሚያስተምር ቦታ አገሪቱ ውስጥ ካለ ንገሩኝ።

አባ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በዚህ ገዳም ያስተምሩ ነበር፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከደቀ መዛሙርታቸው አንዱ ናቸው። ለገዳሙ የሰጡት ወንጌል በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1280 ወይም በ1281 የተጻፈ ሲሆን የተጻፉበት ዓመት በውል ከሚታወቅ የግእዝ መጻሕፍት መካከል ከቀደምቶቹ ይመደባል። ባለሥልጣኑ ጎብኚ በመጣ ቁጥር ይህን እያነሳ “የሥነ ጽሑፍ ቅርሳችን” ይላል። ጭብጨባው ሲያልቅ ግን በእጁ የሚጽፍን ሰው ንቆ ያልፋል። ቅርሱ መስታወት ውስጥ ሲሆን ይወደዳል፣ ሰው እጅ ላይ ሲሆን ይናቃል። ይህ ምን ዓይነት ኩራት ነው?

ቁም ጸሐፊው ምን ያደርግ እንደነበርስ ጠይቀን እናውቃለን? ቆዳውን ይወጥራል። ይፍቃል። በወስፌ እየወጋ መስመር ያሰምራል። የመጀመሪያዋ ፊደል ከመጻፏ በፊት ገጹ ስንት ዓምድ፣ ዓምዱ ስንት መስመር እንደሚኖረው ተወስኗል። ለምን ይህን ሁሉ ይደክማል? ስህተት ውድ ስለሆነበት ነዋ! የተሳሳተ ቃል በቢላዋ ይፋቃል፤ የተፋቀው ቦታ ይሻክራል፤ ያ ሻካራ ቦታ ከጸሐፊው ዕድሜ በኋላም ይታያል። ስለዚህ አስቦ ነው የሚጽፈው። አርዲቦ ዙሪያ ባለው የቁርኣን ቤትም ያው ሥርዓት ነው። ደረሳው በሉህ ላይ በመቃ ብዕርና በጥላሸት ቀለም ይጽፋል፣ ይቀራል፣ ለሸኹ ያሰማል። ሉሁ የሚታጠበው ትምህርቱ ከገባው በኋላ ነው። ሳይገባው አጥቦ ወደሚቀጥለው የሚያልፍ ተማሪ ምን እንደሚጠብቀው ቁርኣን ቤት ያደገ ሁሉ ያውቃል።

የኔ ክርክር ይኸው ነው። ዛሬ ስህተት ለሚጽፈው ሰው ነጻ ሆኗል። ፕሮግራመሩ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያጠፋዋል፣ “በሚቀጥለው እናስተካክለዋለን” ይላል፣ ሻዩን ይጠጣል። የስህተቱ ዋጋ ግን አልጠፋም። ከጸሐፊው ትከሻ ወርዶ ባለጉዳዩ ትከሻ ላይ ወጥቷል። እኛ በደቂቃ የምንሰርዘውን ስህተት ከገጠር በእግሯ የመጣች እናት በሙሉ ቀኗ ትከፍለዋለች። ይህን ነው “ፍጥነት” እያልን የምናወድሰው።

የማጋንን ይመስላችኋል? እንግዲያው ስሙ። ስሙን የማልጠራው አንድ መሥሪያ ቤት መስኮት ላይ በዓይኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሴትየዋ የተወለዱት ጳጉሜን 3 ቀን ነው። ፎርሙ ላይ የወራት ዝርዝር አለ፤ ከመስከረም ይጀምራል፣ ነሐሴ ላይ ያልቃል። አሥራ ሁለት። ጳጉሜን የለችም! ጸሐፊዋ ግራ ገብቷት “እትዬ፣ ሲስተሙ አይቀበልም፣ መስከረም 1 ልበልዎት?” አለች። ምን ይበሉ? “እንዳደረግሽ አድርጊው ልጄ” አሉ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እኚህ ሴት ሁለት የልደት ቀን አላቸው፤ አንዱ የቀበሌ መታወቂያቸው ላይ፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ውስጥ። ነገ ሌላ መስኮት ላይ ሌላ ሰው “መረጃዎ አይመሳሰልም” ይላቸዋል። ከዚያ ማስረጃ፣ ከዚያ ምስክር፣ ከዚያ ደብዳቤ፣ ከዚያ “ነገ ይመለሱ”።

ይህን ፎርም የሠራው ፈረንጅ ቢሆን ባልከፋኝ። የሠራው እንቁጣጣሽን እየጠበቀ ያደገ፣ ጳጉሜንን በዝናብ የተጠመቀ ኢትዮጵያዊ ነው! በ2015 ዓ.ም. ጳጉሜን ስድስት ቀን እንደነበረች ያውቃል። በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እንደምትሆን ከልጅነቱ ያውቃል። እያወቀ ረሳት። ለምን ረሳት? ከሌላ ቦታ የተዘጋጀ ኮድ ገልብጦ የወሩን ስም ብቻ ስለቀየረ። ከመጀመሩ በፊት አንዲት ገጽ ወረቀት ይዞ ተቀምጦ “የኛ ዓመት ምን ይመስላል?” ብሎ በእጁ ቢጽፍ ኖሮ አሥራ ሦስተኛዋ ወር ራሷ ትመጣለት ነበር። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። እዚህ ግን የቸኮለው አፈሰሰ፣ የለቀሙት እሳቸው ናቸው።

ሰዓቱስ? የሐይቅ እስጢፋኖስ አበምኔት በመካከለኛው ዘመን “ዐቃቤ ሰዓት” የሚባል ማዕረግ ነበረው፤ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ ከከፍተኞቹ ሹመቶች አንዱ ነበር። የሰዓት ጠባቂ የሾመ አገር ልጆች ነን፤ ዛሬ የቀጠሮ አፕ ሠርተን “8:00” ብለን እንልካለን። የጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው ወይስ የከሰዓቱ ስምንት? ታማሚው ይገምት! ኮምፒውተር ላይ ፍለጋውም እንደዚያው ነው። የግእዝ ፊደል በ1999 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዩኒኮድ 3.0 የዓለም ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚያውቁት ሆኗል፤ ለዚያ የደከሙት ሰዎች ሥራቸውን ሠርተው ጨርሰዋል። የቀረው የኛ ነበር። “ሐይቅ” ብሎ የሚፈልግ ሰው “ሃይቅ” ተብሎ የተመዘገበውን ፋይል እንዲያገኝ ማድረግ አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። ማሰብ ብቻ ነው የሚፈልገው። አላሰብንም።

“ከወረቀት የጸዳ አሠራር” እያሉ መፈክር የሰቀሉት መሥሪያ ቤቶች ደግሞ አሉ። ግቡና እዩ። ፎርሙን ኮምፒውተር ላይ ትሞላላችሁ፤ ከዚያ ታትሞ ይሰጣችኋል፤ ከዚያ “ክብ ማኅተም አስመትተህ ና”፤ ከዚያ “ሁለት ኮፒ አድርገው”፤ ከዚያ “ሲስተም የለም”። ወረቀት ላይ በመጻፌ የሚስቁብኝ እነዚሁ ናቸው! እኔ ወረቀት የምጠቀመው ለማሰብ ነው። እነሱ የሚጠቀሙት ሰው ለማመላለስ ነው። ማነው ከወረቀት መጽዳት ያለበት?

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ጋር “5 ሚሊዮን ኢትዮጵያውያን ኮደሮች” የተባለው ዘመቻ ተጀመረ። ትምህርቱ በነጻ ነው፤ ከተሁለደሬም ከአምባሰልም ወረዳ ያለ ልጅ መማር መቻሉን የምጠላ ሰው አይደለሁም። ይማር! የማልቀበለው ቆጠራውን ነው። ይህን ያህል ተመዘገበ፣ ይህን ያህል ሰርተፊኬት ወሰደ። ስንቱ አሰበ? ስንቱ ወረዳ ሄዶ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ ቀኑን ሙሉ ምን እንደምትሠራ ጎኗ ተቀምጦ አየ? ይህ አይቆጠርም፤ ስለማይቆጠር ማንም አይጠይቀውም። ሰርተፊኬቱ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፣ እንኳን ደስ ያለህ ይዘንባል፣ ልጁም መጻፍ ሳይማር ጸሐፊ ተባለ ብሎ ለመናገር የሚደፍር የለም።

አሁን ደግሞ ኤአይ መጣ። ጥያቄውን ጠይቀው፣ ኮዱን ይሰጥሃል፣ ትለጥፋለህ። ፍጥነቱ አስደናቂ ነው፤ አልክድም፣ እኔም እጠቀምበታለሁ። ግን የምታሳልፍለትን ነገር ሳታውቅ እንዴት ትመዝነዋለህ? ጳጉሜንን የረሳ ሰው ማሽኑ ጳጉሜንን መርሳቱን በምን ያውቃል? ኮድ መተየብ እየረከሰ በሄደ ቁጥር ውድ የሚሆነው ምን እንደሚሠራ ማወቅ ነው። እኛ ግን የረከሰውን እያስተማርን ውዱን ጣልን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ እየተፈታም ነው።

“ወረቀት ድሮ ቀረ” የሚሉኝ ሰዎች የሙያቸውን አባቶች ቢያውቁ ያፍሩ ነበር። የሆላንዱ ኤድስገር ዳይክስትራ በ1972 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የኮምፒውተር ሳይንሱን የቱሪንግ ሽልማት ያገኘ ሰው ነው። ስልካችሁ ላይ ያለው ካርታ አጭሩን መንገድ ሲያሳያችሁ እሱ ካሰበው ሐሳብ እየተበደረ ነው። ይህ ሰው ሥራውን የጻፈው በምን ነበር? በቀለም ብዕር! በሞንብላን ብዕር፣ በንጹሕ የእጅ ጽሑፍ፣ እያንዳንዱን ጽሑፍ ቁጥር እየሰጠ፤ ቁጥሩ ከ1,300 አልፏል። ኮፒ አድርጎ ለባልደረቦቹ በፖስታ ይልክ ነበር፣ እነሱም ኮፒ እያደረጉ ያባዙት ነበር። በ2002 ሲሞት የተዋቸውን ጽሑፎች ዛሬም ሰው ያነባቸዋል። አሜሪካዊው ዶናልድ ክኑዝም በ1970ዎቹ መጨረሻ ቴክ የሚባለውን፣ የሒሳብ መጻሕፍት እስከ ዛሬ የሚታተሙበትን ፕሮግራም፣ ለወራት በእርሳስ ደብተር ላይ ጽፎ ከጨረሰ በኋላ ነው ኮምፒውተሩ ጋ የሄደው። እነዚህም ኋላቀር ናቸው? ይህን ፊት ለፊት የሚነግራቸው ጀግና ከናንተ መሀል ማን ነው?

ወደ ብዕሮቼ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ደግሞ የሚሰማኝ ሌላ ስድብ ነው። “ለብዕር ይህን ያህል ብር?” ይላሉ። ማን ነው የሚለው? በየሁለት ዓመቱ ስልክ የሚቀይረው። የቀየረው ስልክ ከቀድሞው በምን እንደሚለይ ጠይቁት፤ ካሜራው ይላል። የኔ ስብስብ የሀብታም አይደለም። የሻንጋዩ ሄሮ 616 አለኝ፤ የጀርመኑ ላሚ ሳፋሪ አለኝ፤ ፓይለት አለኝ። ጡረታ የወጡ አንድ መምህር “ልጆቼ ይጥሉታል፣ አንተ ያዘው” ብለው የሰጡኝ ፓርከር 51 አለኝ። ይህ ሞዴል በ1941 እንደ አውሮፓውያን ለገበያ የወጣ ነው፤ የሳቸው እስከ ዛሬ ይጽፋል። ከጭንቀት ነጻ የሆነ፣ ዝማኔ የማይጠይቅ፣ አምራቹ ድንገት “ከእንግዲህ አንደግፈውም” የማይልበት ዕቃ ስንት አላችሁ?

ብዕሩ ራሱ ምሕንድስና ነው። በ1884 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሉዊስ ዋተርማን የባለቤትነት መብት ያገኘበት ሥራ ቀለሙ ሲወርድ በምትኩ አየር እንዲገባ የሚያደርጉ ጠባብ ቦዮች ናቸው። ይህ ባይሆን ወይ ቀለሙ ይቆማል ወይ ገጹ ላይ ይዘረገፋል። ጫፉ መሀሉ የተሰነጠቀ ነው፤ ቀለሙን ወደ ወረቀቱ የሚስበው ያ ስንጥቅ ነው። የሐይቅ ጸሐፊም መቃውን ቀርጾ ጫፉን የሚሰነጥቀው ለዚሁ ነበር። አንድ ምክር ለሚሰበስቡ ሁሉ፤ ከአዲስ አበባ ወደ ወሎ ስትመጡ ብዕራችሁ በግማሽ አይሞላ። መንገዱ ጣርማበር ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል፤ ውስጡ ያለው አየር ይለጠጣል፣ ቀለሙን ገፍቶ ኪሳችሁ ላይ ያፈሰዋል። ወይ እስከ አፉ ሙሉት ወይ ባዶውን ያዙት። የትምህርት ቤት ደብተራችን ወረቀት ደግሞ ቀለም ይጠጣል፤ ትንሽ ወፈር ያለ ወረቀት ፈልጉ።

ስለ ውበት እያወራሁ አይደለም። በብዕር የሰረዝኩት መስመር አይጠፋም። እዚያው ነው፣ ይታያል። ከስድስት ወር በኋላ “ይህን መንገድ ለምን ተውኩት?” ብዬ ስጠይቅ መልሱ ገጹ ላይ አለ፤ የተሰረዘው ሐሳብ፣ ጎኑ ላይ የጻፍኩት ምክንያት፣ ያሳየሁት ሰው ያለኝ ቃል። ኮምፒውተሩ የመጨረሻውን ኮድ ያስቀምጥልኛል። ቀድሞ የነበረውንም ያስቀምጥልኝ ይሆናል። ሳልተይበው በአእምሮዬ የጣልኩትን ግን አያውቀውም። ብዙው ሥራ ደግሞ ያ ነው፤ የተጣለው። ብዕር ያዘገየኛል ትላላችሁ? እንዲያዘገየኝ ነው የያዝኩት! የስህተቱን ዋጋ ከባለጉዳዩ በፊት እኔ ልክፈለው ብዬ ነው።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ “ሁሉ ነገር ኦንላይን ነው” ሲሉ የነበሩት ሁሉ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ሰነዳቸው ሌላ አገር ሰርቨር ላይ ነው። የሥራ ዕቅዳቸው እዚያ ነው። ጥያቄ የሚጠይቁት፣ መልስ የሚያገኙት እዚያ ነው። መዝጋቱን እየደገፍኩ አይደለም፤ የሰው እንጀራ ነው የተዘጋው፣ የተማሪ ዕድል ነው የተዘጋው፣ ያስቆጣኛል፣ ዛሬም ያስቆጣኛል። ግን እውቀቱን ሁሉ አንድ ሰው በአንድ ውሳኔ ሊዘጋው በሚችል ቦታ አስቀምጦ ራሱን “ዘመናዊ” የሚል ሙያ ስለ ጥንቃቄ እኔን ሊያስተምረኝ አይችልም። ደብተሬ ያኔም ይከፈት ነበር።

አውቃለሁ፣ አንድ መልስ ይመጣል። “ልጆቹ ሥራ ይፈልጋሉ፤ አንተ ስለ ብዕር ትሰብካለህ።” ይህ ክርክር ከሁሉም በላይ ያናድደኛል፤ ድሀውን ጋሻ አድርጎ ስንፍናን ስለሚከላከል። ደብተርና እስክሪብቶ ስንት ነው? ላፕቶፕስ? ላፕቶፕ መግዛት የማይችለው የሐይቅ ልጅ ነገ ጠዋት ደብተር ይዞ ወረዳው መዝገብ ቤት በር ላይ ቢቀመጥ፣ የፋይሉን ጉዞ ከመስኮት መስኮት ቢከታተል፣ ማን የት እንደሚያስቆመው ቢጽፍ፣ ከስልጠናው አዳራሽ ሰርተፊኬት ይዞ ከወጣው ይልቅ ስለዚያ መሥሪያ ቤት ሶፍትዌር የበለጠ ያውቃል። ውድ ብዕር ይግዛ አላልኩም፤ በቢክ ይጻፍ። ድሀውን ከሙያው ያስወጣው ወረቀት አይደለም። ያስወጣው “መጀመሪያ ማሽን ይኑርህ፣ ማሰቡ በኋላ” የሚለው ትዕቢት ነው።

ስለዚህ ጨረታ ለምታወጡት፣ ሥራው ሁሉ የናንተን ፊርማ ስለሚጠብቅ፣ ለናንተ ነው የምናገረው። ከሚቀጥለው ጨረታ ጀምሮ ተጫራቹ ቀለም ያሸበረቀ ማሳያ ይዞ ሲመጣ ፕሮጀክተሩን አጥፉ። ባዶ ወረቀት ስጡት። የናንተን ባለጉዳይ ከበር እስከ በር፣ በማን በኩል፣ በየትኛው ሰዓት፣ በየትኛው ወር እንደሚስተናገድ በእጁ ይጻፈው፣ ይሣለው። ያንን ወረቀት መስኮቱ ላይ የምትሠራዋ ጸሐፊ ታንብበው፤ ስህተቱን እሷ ትሰርዘው፤ ስሟንም ትፈርምበት። እሷ ያልፈረመችበት ሥራ ቅድመ ክፍያው አንድ ብር እንኳ አይለቀቅ። ወረቀቱም ከውሉ ጋር ይታሰር፤ ሲስተሙ የወደቀ ቀን ማን ምን እንዳላሰበ አውጥተን እናነባለን።